የሞተ ሰው የለም

አክስቴ በፈትልና ሽመና ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ አጥባለች። ዕቃ ሲባል ሰሃኑም ድስቱም አለበት፤ ይህ ግን የብርጭቆና የጣሳ ታሪክ ስለሆነ ሰሃኑን አላነሳውም።

ብርጭቆው አራት መቶ ነው፣ ጣሳው አንድ መቶ ስልሳ። ብርጭቆው የላይኞች ነው፣ ጣሳው የታችኞች። ይህን የሚል ወረቀት በፋብሪካው ውስጥ የለም። እኔ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ክፍል ነው፤ ወረቀት የሚባል ነገር በእጄ ሳያልፍ አይቀርምና ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ሻይ ቀጂው ግን መስኮቱ ላይ የቆመውን ሰው ቀና ብሎ ያያል፣ እጁ ራሱ ወደ ብርጭቆው ወይም ወደ ጣሳው ይሄዳል። ተሳስቶ የሚያውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ እሱም መነጽሩ በተሰበረበት ሳምንት ነው።

ላይኛና ታችኛ በምን እንደሚለይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ለሚያውቅም ይቸግራል። ላይኞች የኮረብታው ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ እኛ የወንዙ። እነሱ ቀይ ናቸው ይባላል፣ እኛ ጥቁር። የሽመና ክፍሏ አለቃ፣ በቅጽል ስሟ እመቤት የምንላት ሴትዮ፣ ከአክስቴ ጎን በቀን ብርሃን ብትቆም ማን ከማን እንደምትጠቁር ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ግን እመቤት ቀይ ናት ከተባለ አለቀ፤ የሚከራከር የለም። ላይኞች ሽመና ክፍል፣ ፈትል ክፍልና ቢሮ ይሠራሉ። ታችኞች ማቅለሚያ ክፍል፣ ጭነትና ዕቃ ማጠቢያ። ለቢሮ የበቃሁ የመጀመሪያዋ ታችኛ እኔ ነኝ። ስለዚህ መስኮት የሌለው ክፍል ተሰጠኝ፣ እንግዳ ሲመጣም በሩን ገርበብ እንዳደርገው በትሕትና ተነገረኝ። አደረግሁ።

ሽማኔዎቹ አክስቴን "ሳሙና" ይሏታል፣ የእኛ ሰዎች "እትዬ"። እናቴ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር፤ አክስቴ ናት ያሳደገችኝ፣ ፋብሪካው ለሠራተኛ በሚሰጣቸው የረድፍ ቤቶች፣ ከዳር ሦስተኛው ውስጥ። ብዙ አታወራም። የሰውን ልጅ በሁለት ትከፍለዋለች፤ ብርጭቆው ሥር ስኳር የሚያስቀርና የማያስቀር። ከዚህ ያለፈ ፍልስፍና የላትም። አንድ ጠባይ ግን አላት፤ ያልተጠየቀችውን አትናገርም፣ የተጠየቀችውን ደግሞ ልክ እንደተጠየቀችው ትመልሳለች። ጉዱን ያፈላው ይህ ጠባይዋ ነው።

ማጠቢያው ውስጥ ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ ነበር፤ አንዱ ለብርጭቆ፣ አንዱ ለጣሳ። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የጣሳው ገንዳ ከሥሩ ተሰነጠቀ። አክስቴ ለክበቡ ኃላፊ ነገረችው። "ለጥገና እጽፋለሁ" አለ። ከአንድ ወር በኋላ ደግማ ነገረችው። "ጽፌያለሁ" አለ። ሦስተኛ ስትነግረው ጥገና መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየና "ተሰንጥቋል" ብሎ ሄደ። ይህን እሷም ታውቀው ነበር። ሻይ በቀን ሦስት ጊዜ ይጠጣል፣ ዕቃው ይጠብቃል፣ ፍል ውሃው ሁለት ባልዲ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርጭቆውንም ጣሳውንም በደህናው ገንዳ አንድ ላይ ታጥብ ጀመር። አልደበቀችም። የማጠቢያው በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ላይኛ ግን አልነበረም። የጠየቃት የለም፣ እሷም ያልተጠየቀችውን አልመለሰችም።

እንዲህ እንዳለ አስራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። ሰው ሻይ ጠጣ።

በዚያ ወር ፋብሪካው የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ ተቀብሎ ነበር። ማቅለሚያ ክፍሉ ያመጣው አዲስ ሰማያዊ ቀለም አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ የሠራተኞቹ ጣትም ከንፈርም ሰማያዊ ሆኖ ነበር የሚውለው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እመቤት ብርጭቆዋን ወደ አፏ ልታደርስ ስትል አፉ ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አየች። ሻዩን ይዛ በቀጥታ ወደ ማጠቢያው በር መጣች። እኔ ለክበቡ ኃላፊ ወረቀት ላደርስ ሄጄ እዚያው ቆሜ ነበርና ያየሁትን ነው የምናገረው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች እመቤት።

አክስቴ እጇን ጠርጋ አየችው። "ሰማያዊ ነው።"

"ሰማያዊ መሆኑንማ አይቻለሁ! ከየት መጣ?"

"ከጣሳዎቹ ይሆናል እንጂ።"

"ብርጭቆን ከጣሳ ምን አገናኘው?"

"አብረው ነዋ የሚታጠቡት።"

እመቤት ብርጭቆውን ከፊቷ አራቀችው። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ገንዳው ከተሰነጠቀ።"

"መቼ ነው የተሰነጠቀው?"

አክስቴ ትንሽ አሰበች። እኔ በዓይኔ ለመንኳት፤ ትናንት በዪ፣ ዛሬ ጠዋት በዪ እያልኩ። አላየችኝም። "አስራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው" አለች፣ "ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ።"

ክበቡ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ሰው ብርጭቆ በእጁ ነበር። መጀመሪያ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ጠረጴዛ ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ለረጅም ጊዜ አላቆመም።

በዚያው ጠዋት አርባ ሦስት ሽማኔዎች በፋብሪካው ክሊኒክ በር ተሰለፉ። ሆዳቸውን ነው የሚያማቸው። ነርሷ መቼ እንደጀመራቸው ስትጠይቅ ሁሉም "አሁን" አሉ። ለምን ሲባል፣ አስራ አንድ ዓመት በጠጡት ሻይ። ነርሷ ለሁሉም አንድ ዓይነት ክኒን ሰጠቻቸው፤ የማስዋጫው ውሃ ግን ሌላ ችግር አመጣ፤ የክሊኒኩ ብርጭቆም የሚታጠበው አክስቴ ዘንድ ነበርና ክኒኑን በደረቁ ዋጡት።

ወሬው ማቅለሚያ ክፍል የደረሰው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው።  ከዚያ ሽማግሌው ቀለም ነካሪ፣ በቀን አስር ቃል የማይናገሩት፣ ቱቦውን ዘጉና "እንግዲህ እመቤት አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትስመኝ ኖራለች" አሉ። ሳቁ ሽመና ክፍል ድረስ ተሰማ። የሽመና ማሽን ድምፅ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር በንዴት ይጀምራል ሲባል እሰማለሁ። ንዴቱማ ድሮም ነበረን፤ አባቶቻችንም ነበራቸው፤ ተናደው ኖረው ተናደው ሞቱ። የእኛ በሳቅ ጀመረ። ያን ቀን ሰዎቹ እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር፣ ፊታቸው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ። ሲስቁ ያየ ኃላፊ ሁሉ በሩን ዘጋ። እኔም በገርባባው በሬ ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ፣ ከዚያ አክስቴ ትዝ አለችኝና ሳቄን አቆምኩ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አዲስ አራት መቶ ብርጭቆ ይገዛ አለ። ማን ያጥበዋል? ዕቃ አጣቢዎቹ ሁሉ ታችኞች ናቸው፤ ላይኛ ዕቃ አያጥብም። ስለዚህ ብርጭቆው ቢቀየርም እጁ ያው ነው። ኮሚቴው ይህ ሲገባው ለጥቂት ጊዜ ዝም እንዳለ ከቃለ ጉባኤው ላይ አንብቤያለሁ፤ "ለአጭር ጊዜ እረፍት ተወሰደ" ይላል። ከእረፍት ሲመለሱ ለሁሉም የሚበጅ መላ ይዘው መጡ፤ ነገሩ አልሆነም ይባል። ሐሙስ ዕለት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው እንዳባዛው አንድ ደብዳቤ ወደ እኔ ላከ። አክስቴ እንድትፈርምበት የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ "ብርጭቆና ጣሳ ምንጊዜም ለየብቻ ሳጥብ እንደኖርኩ፣ ከዚህ የተለየ የተናገርኩትም ራሴን አሞኝ ስለነበር መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።" እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካልፈረመች ከሥራ ትሰናበታለች፣ የረድፍ ቤቱንም በአስር ቀን ውስጥ ታስረክባለች። ሦስት ኮፒ አነሳሁ። አንዱ ተጣሞ ወጣ፤ እሱን ነው ለኃላፊው የሰጠሁት።

በዚያው ቀን አጀንዳ የምንለው ሰውም መጣ። አጀንዳ የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ታችኞችን ሰብስቦ ስለ መብት ሊያናግር ሲደክም የኖረ። ስብሰባው ላይ ከዘጠኝ ሰው በላይ መጥቶለት አያውቅም፣ ከዘጠኙም አንዱ እንቅልፉን ሊተኛ ነበር የሚመጣው። ንግግሩን ሁልጊዜ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብሎ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ድር ሲያቀልም ለዋለ ሰው ይህ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደሆነ መገመት ይቻላል። ቅን ሰው ነው፤ ግን ስድስት ዓመት የደከመበትን አንድ የተሰነጠቀ ገንዳ በአንድ ጠዋት ሲጨርሰው ማየቱ ትንሽ ቅር እንዳሰኘው ፊቱ ይናገር ነበር። እሱም ወረቀት ይዞ ነው የመጣው። "እኔ የጭቁኖች እናት ለአስራ አንድ ዓመት በምስጢር ባካሄድኩት የትግል ስልት…" እያለ ገጽ ተኩል ይሄዳል።

ማታ፣ ራት ከበላን በኋላ ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አክስቴ "አንብቢልኝ" አለችኝ። አነበብኩላት።

"ራሴን አሞኝ ነበር እንዴ?" አለች።

"አላመመሽም።"

"ትግል ላይ ነበርኩ?"

"እኔ እንጃ አክስቴ።"

"ዕቃ እያጠብኩ ነበር" አለች። ከዚያ ሁለቱንም ወረቀት ገልብጣ ጀርባቸውን አየች። "የገንዳውን ነገር የጻፈው የለም?"

ደሜ ፈላ። "የምን ገንዳ ነው የምታወሪው! የቱንም ፈርሚ፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ! ቤቱ እኮ ይሄዳል! የት ልንገባ ነው?" አልኳት። እያለቀስኩ ነበር። ለሌላው ምንም ባትሆን ለእኔ ባለ ሁለት ክፍሏ ቤት ዓለም ነበረች፤ ሌላ ቤት አላውቅም። አክስቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"አንቺ ልጅ" አለች ቀስ ብላ፣ "ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ጥገናውም መጥቶ አይቶታል። ይሄን ያህል ወረቀት ጽፈው ይቺን እንዴት ዘለሏት? አንቺ ትምህርት አለሽ፣ እስቲ እኔ የምልሽን ጻፊ።"

ጻፍኩ። አራት መስመር ሆነ። ሌላ ልጨምር ስል "በቃ" አለችኝ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት አጀንዳ በማቅለሚያ ክፍሉ ግቢ ስብሰባ ጠራ። ወደ ሦስት መቶ ሰው መጣ። ከፈትል ክፍል የመጡ ጥቂት ላይኞች እንኳ ከአጥሩ ጥግ ቆመው ነበር፤ የመጣነው ለመስማት አይደለም የሚል ፊት ይዘው። አጀንዳ ድር ቢያብር ብሎ ሲጀምር ሰው ሁሉ ጨረሰለት። ከዚያ አክስቴን የተገለበጠ የቀለም ሳጥን ላይ አቆሟት። ሽርጧን አላወለቀችም ነበር። ሰው ገና ይስቅ ነበር፤ "እትዬ፣ ከእመቤት ጋር ስንት ጊዜ ነው ያሳሳምሽን?" የሚለው ብዙ ነው።

ከቀለም ማድረቂያው ሴቶች አንዷ፣ ለሥራው አዲስ የሆነች፣ እጇን አወጣች። "እትዬ" አለች፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማጠቢያው ውስጥ ብቻሽን ስትሆኚ፣ አራት መቶ ብርጭቆ ፊትሽ ተደርድሮ፣ ሻይሽን የምትጠጪው በምን ነበር?"

"በጣሳ።"

"ማንም ሳያይሽ?"

"ማንም ሳያየኝ።"

"ለምን?"

አክስቴ አፏን ከፈተች። ጠበቅን። በሕይወቴ ተጠይቃ መልስ ሲያጥራት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። "እኔ እንጃ" አለች በመጨረሻ፣ "አልመጣልኝም።"

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። ሦስት መቶ ሰው መሬት መሬት ያይ ጀመር፤ ሁሉም የየራሱን እያሰበ ነው። እኔ በሬን አሰብኩ። እንግዳ ሲመጣ ነበር ገርበብ አድርጊው የተባልኩት፤ እንግዳ በሌለበትም ቀን ገርበብ አድርጌው ስቀመጥ አራት ዓመቴ ነው። ማንም አላዘዘኝም። አፈርኩ፤ ከዚያ ያፈርኩት እኔ በመሆኔ ተናደድኩ። ነገሩ የምር የሆነው ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ይመስለኛል፤ አጀንዳ ግን በንግግሩ ነው ብሎ ያምናል።

አክስቴ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችኝ፣ አነበብኩት፦ "ገንዳው ተሰንጥቆ ነበር። ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ። አስራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በአንድ ገንዳ አጥቤያለሁ። የሞተ ሰው የለም።"

 ከዚያ ሽማግሌው ቀለም ነካሪ "እውነት ነው፣ የሞተ ሰው የለም" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ጎናቸው ያለው ደገመው። ከኋላ ሰለሱት። ወደ ሥራ የሚጠራው ደወል ሲደወል ግቢው ሁሉ በአንድ ድምፅ "የሞተ ሰው የለም! የሞተ ሰው የለም!" ይል ነበር። አጀንዳ ስድስት ዓመት ያዘጋጃቸው አስራ ሰባት መፈክሮች ነበሩት፣ አንዱንም የጠየቀው የለም።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው አክስቴ ወረቀቷን ይዛ የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ገባች። እኔ ደጅ ቆሜ ነበር። ኃላፊው አነበበው።

"ይሄ እኛ ያልንሽ አይደለም።"

"አዎ ጌታዬ።"

"ያልንሽን ካልፈረምሽ ተሰናብተሻል ማለት ነው።"

"እሺ። ገንዳውን ግን አስጠግኑት፣ ለምትመጣው ሴትዮ ይቸግራታል።"

ወጥታ ሽርጧን አጣጥፋ ከወረቀቷ ጋር ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና የአክስቴን ወረቀት በፋብሪካው ማሽን፣ በፋብሪካው ወረቀት ሁለት መቶ ጊዜ አባዛሁት። ቀለሙ እስኪያልቅ። የመጨረሻዎቹ ሃያ በደንብ አይነበቡም።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ሽንት ቤት፣ ሽመና ማሽኖቹ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ማቅለሚያ ክፍል ሥራ አቆመ፣ ጭነትና ዕቃ አጣቢዎቹ ተከተሉ። ማክሰኞ ከሰዓት የተቀለመ ድር አልቆ ሽማኔዎቹ ማሽናቸው ሥር እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ረቡዕ አራት መቶ ቆሻሻ ብርጭቆ መስኮቱ ላይ ተከመረ። አስተዳደሩ ከቢሮ በጎ ፈቃደኛ ጠየቀ፤ ሁለት ሰው መጥቶ ሠላሳ አጠቡና አስራ አንድ ሰበሩ። ሐሙስ ፈትል ክፍል ካሉት ላይኞች ስልሳ ያህል ሴቶች ከእኛ ጋር ቆሙ። ለምን እንደቆሙ ብዙ ተብሏል። አንዳንዶቹ ነገሩ ስላንገበገባቸው፣ አንዳንዶቹ እመቤት ለዓመታት ስላንገበገበቻቸው፣ ሁለቱ ደግሞ እኛ የቆምንበት ጥላ ስለነበረው ነው። ለምን መጣችሁ ብሎ የመለሳቸው የለም።

ከፋብሪካው ውጭ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራዥ ውስጥ ታችኞች መካኒኮች ልብስ የሚቀይሩት ከጎማ መጋዘን ጀርባ ነበር፤ አንድ ቀን በደህናው ክፍል ገብተው ቀየሩና በሩ ላይ "የሞተ ሰው የለም" ብለው ጻፉ። የትምህርት ቤት ልጆች ታችኛ ስለማይቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ጻፉት። ሆስፒታሉ ብቻ መፈክሩ አስቸገረው፤ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኞቹ ሊያነሱት ካሰቡ በኋላ የሕሙማን ቤተሰቦችን አስበው ተዉት። አጀንዳ ለጋዜጠኛ ቃሉን ሲሰጥ እንቅስቃሴው ለስድስት ዓመት የታቀደ ነው አለ። ዋሸ ማለት ይከብደኛል። ስድስት ዓመት አቅዷል፤ ያቀደው ይህን አልነበረም እንጂ።

አክስቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ቤት ነበረች። ሥራ መፍታት አታውቅበትም፤ የረድፍ ቤቱን ጎረቤቶች ዕቃ ሁሉ በተራ ሰብስባ አጠበች። እኔ አሥሩን ቀን በጣቴ እቆጥራለሁ። ሁለት ካርቶን ዕቃ አሰርኩ፤ እሷ ድስት ስትፈልግ ትፈታዋለች፣ እኔ መልሼ አስራለሁ። በሰባተኛው ቀን "ከሄድን የት ነው የምንሄደው?" አልኳት። "እሱን አላውቅም" አለች። ሌላ ሰው ቢሆን አይዞሽ ይላል። የእሷ መልስ ግን ከአይዞሽ ይልቅ አጠገቧ አስጠጋኝ፤ እኔ ብቻ እንዳልፈራሁ ገባኝ።

በስምንተኛው ቀን ተስማሙ። አክስቴ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ቤቱም ይቆያል። ጣሳው ይቀራል፣ ሁሉም በብርጭቆ ይጠጣል። ታችኞች ሽመና ክፍል ስለሚቀጠሩበት ሁኔታ ይጠናል። እስካሁን እየተጠና ነው።

በማግስቱ ጠዋት ክበቡ እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ግማሹ ሊጠጣ፣ ግማሹ ማን ይጠጣል ብሎ ሊያይ ነው የመጣው። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ከፎቶ አንሺ ጋር መጡ። አጭር ንግግር አደረጉ፤ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ መሆናችንን እሳቸው ሁልጊዜም ያውቁት ነበር። ከዚያ "የመጀመሪያውን ሻይ እርስዎ ይጠጡልን" አሏት አክስቴን። እርስዎ ሲሏት አክስቴ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች።

ሻይ ቀጂው ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላው። ከበርሜሉ በቀጥታ የወጣ፣ የሚንተከተክ ሻይ ነው። አክስቴ ብርጭቆውን በመዳፏ ሙሉ፣ ከወገቡ ጨብጣ አነሳችው። ባዶውን ስታጥብ እንደዚያ ነው የምትይዘው። ጣሳ እጀታ አለው፤ ብርጭቆ የለውም። ይህን በክበቡ ውስጥ ያሰበ የለም፣ እኔም ሥራ አስኪያጁም።

አላስቀመጠችውም። ያ ሁሉ ሰው እያያት እንዴት ታስቀምጠው? ብርጭቆውን እንደጨበጠች ቆመች። ጣቶቿ ነጡ፣ ከዚያ ቀሉ። እንባዋ መጣ። ሰው አጨበጨበ። ፎቶ አንሺው አነሳት፤ ጋዜጣው ላይ ከሥሩ "የደስታ እንባ" ተብሎ ወጥቷል።

እኔ ገና ሲገባኝ ወደ እሷ ለመድረስ ሰው እየገፋሁ ነበር። ቀድማኝ የተነሳችው ግን እመቤት ናት። ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ፊቷን ቋጥራ፣ ሻይ ሳታስቀዳ ተቀምጣ ነበር። ስትነሳ ጭብጨባው ቆመ፤ ሁሉም ልትሰድባት ነው ብሎ ነው ያሰበው። መጥታ ብርጭቆውን ከአክስቴ እጅ ነጠቀችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

"እንዲህ ነው እንዴ ብርጭቆ የሚያዘው?" አለች በቁጣ። "ከአፉ ነው የሚያዘው፣ በሁለት ጣት! እዪ፣ እንዲህ!" አነሳችና አሳየቻት። እጇ ልማድ ሆኖበት ወደ አፏ ወሰደው፤ ፉት አለችለት። ምን እንዳደረገች የገባት ከዋጠችው በኋላ ነው። ብርጭቆውን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ቀረች።

"ሃያ ሁለት ዓመት ስታጥቢው ኖረሽ" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ "እንዴት መያዙን አታውቂም?"

አክስቴ የተጠየቀችውን መለሰች። "ሞልቶ ይዤው አላውቅም" አለች።

እመቤት አክስቴን አየቻት፣ ከዚያ እጇን አየች። አራቱም ጣት አብጧል። "ቀዝቃዛ ውሃ አምጡላት" አለች። ለማን እንደተናገረች ስላልታወቀ የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም። ራሷ ሄደች።